እውቀት በነፃ እንዲነበብ የሚከፍለው ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምርምር ጽሑፎች፣ መጻሕፍትና የቆዩ ሰነዶች ያለ ክፍያ እንዲነበቡ በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው የሚመጣው ከበጎ አድራጊዎች ነው። ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? ሰጪው ምን ይጠይቃል? ሲያልቅስ? ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ክፍት ተደራሽነት" ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድን የምርምር ጽሑፍ ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ሳይከፍል ማንበብ፣ ማውረድና ለሌላ ማካፈል ሲችል ጽሑፉ ክፍት ነው ይባላል።

ተቃራኒውን ብዙዎቻችን በደንብ እናውቀዋለን። የምትፈልጉት ርዕስ በፍለጋ ይመጣል። ትከፍቱታላችሁ። አጭር መግለጫውን ስታነቡ "ይሄ ነው የፈለግኩት!" ትላላችሁ። ከሥሩ ግን ሙሉውን ለማንበብ 35 ወይም 40 ዶላር የሚል ሳጥን ተደቅኗል። አንዳንዱ ጭራሽ የሚያከራየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ከፍላችሁ ብትገቡ እንኳ የፈለጋችሁት ነገር እዚያ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ሐሳቡ በዚህ ስም የታወቀው በ2001 መጨረሻ ቡዳፔስት ላይ ከተደረገ አንድ ትንሽ ስብሰባ በኋላ ነው። የጠራው የጆርጅ ሶሮስ ኦፕን ሶሳይቲ ኢንስቲትዩት ነበር። መግለጫው በ2002 ወጣ። ተቋሙ መግለጫ ብቻ አውጥቶ አልተቀመጠም። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ለ3 ዓመት ለመስጠት ቃል ገባ። ስለዚህ የለጋሽ እጅ ከጅምሩ አለበት።

ተመራማሪው በነፃ ይጽፋል፣ ገምጋሚውም አይከፈለውም። ታዲያ ወጪው ምንድን ነው?

እውነት ነው፣ ጸሐፊው ከጆርናሉ ሳንቲም አያገኝም። ጽሑፉን የሚገመግሙት የሙያ ባልደረቦችም በአብዛኛው በነፃ ነው የሚሠሩት። መሃል ላይ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው።

አንድ ባለ 20 ገጽ ጽሑፍ እንከተል። በዎርድ ፋይል ይመጣል። አርታኢዋ መጀመሪያ ከሌላ የተገለበጠ አለመሆኑን በሶፍትዌር ታጣራለች። ከዚያ ገምጋሚ ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ "ጊዜ የለኝም" ይላል። ሌላው ኢሜይሉን አይመልስም። ሦስተኛው እሺ ብሎ ሁለት ወር ይጠፋል። ማስታወስ፣ መለማመጥ፣ ሌላ ሰው መፈለግ የእሷ ሥራ ነው። ጽሑፉ ሲያልፍ ቋንቋው ይቃናል፣ ሠንጠረዦቹ እንደገና ይሠራሉ፣ ማጣቀሻዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ፋይሉ ኮምፒውተር በቀላሉ ወደሚያነበው ኤክስኤምኤል ይቀየራል። ዲኦአይ የሚባለው ቋሚ መለያም ይሰጠዋል። ይህን የሚመዘግበው ክሮስሬፍ ከአባልነት መዋጮው ሌላ ለአንድ አዲስ ጽሑፍ የሚያስከፍለው 1 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ አለ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው አለ፣ ድረ ገጹን የሚጠብቀው ባለሙያ አለ።

ያቺ 1 ዶላር ማንንም አትጎዳም። ውዱ የአርታኢዋ ጊዜ ነው። ለጋሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰስተው ለደመወዝ ነው። ለአዲስ ሶፍትዌር እጁ ቶሎ ይፈታል፤ "የአርታኢ ደመወዝ" የሚል መስመር ሲያይ ግን ፊቱ ይለወጣል።

ገንዘቡን የሚሰጡት እነማን ናቸው?

ትልልቆቹ ሀብታሞች ያቋቋሟቸው ፋውንዴሽኖች ናቸው። ዌልካም ትረስት በመድኃኒት ንግድ የከበረው ሄንሪ ዌልካም በ1936 ሲሞት በኑዛዜው የቆመ ነው። ገንዘቡ በዋናነት ለጤና ምርምር ይውላል። ሜለን ፋውንዴሽን ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ ሰብዓዊ ጥናቶች ያደላል። ሂውሌት ትምህርት ላይ ያተኩራል፤ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያ በነፃ እንደሚለቅ በ2001 ሲያስታውቅ ማስጀመሪያውን 11 ሚሊዮን ዶላር የሰጡት ሂውሌትና ሜለን ናቸው። ፕሎስ የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያ ጆርናሉን ከማውጣቱ በፊት በ2002 ከሙር ፋውንዴሽን 9 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። የሊዝቤት ራውሲንግና የፒተር ባልድዊን የሆነው አርካዲያ ደግሞ አደጋ ላይ ላሉ ቅርሶችና ለክፍት ተደራሽነት ይሰጣል። የማርክ ዙከርበርግና የባለቤቱ የፕሪሲላ ቻን ድርጅት ባዮአርካይቭን ይደግፋል። ባዮአርካይቭ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከግምገማ በፊት የሚለጥፉበት ቋት ነው።

የመንግሥት የምርምር ፈንዶችም አሉ። እነሱ በጎ አድራጊ አይባሉም፤ የሚያወጡት ደንብ ግን ተመሳሳይ ነው።

በለጋሽ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የማይነሳው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ፎቶ የሚነሳው ፋውንዴሽኑ ነው፤ ዓመት ጠብቆ የሚያዋጣው ግን ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ሀብታም ለእውቀት ገንዘብ መስጠት የጀመረው በኢንተርኔት ዘመን ነው?

ኧረ በፍጹም። አንድሩ ካርኔጊን ብቻ ብናነሳ ይበቃል። የብረት ከበርቴ ነበር። በእሱ ገንዘብ ከተሠሩት ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው በ1883 በትውልድ ከተማው በስኮትላንዷ ደንፈርምሊን ተከፈተ። ጠቅላላ ቁጥራቸው 2,509 ደርሷል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመው አሰጣጡ ነው። ካርኔጊ የሚከፍለው ለሕንፃው ነበር። ከተማው መሬቱን ያቀርባል። ከዚያም የሕንፃውን ወጪ 10 በመቶ ያህል በየዓመቱ ለመጻሕፍት፣ ለሠራተኛና ለጥገና ለመመደብ ይፈርማል። 10,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በዓመት 1,000 ዶላር ከራሱ በጀት ያወጣል ማለት ነው። ይህን አንፈርምም ብለው ስጦታውን የተዉ ከተሞች ነበሩ። ሰውዬው ሌላ ሌላ ነገሩ ሊያከራክር ይችላል። ሕንፃ ያለ ዓመታዊ በጀት ባዶ ቤት መሆኑን ግን ገና ያኔ ገብቶታል። የዛሬ ለጋሾች ብዙዎቹ አሁንም አልገባቸውም።

ለጋሾች በምላሹ ምን ይጠይቃሉ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ። ከገንዘቡ በላይ ዓለምን የለወጠው ቅድመ ሁኔታው ስለሆነ ነው።

በ1996 የሰውን ጂኖም የሚያነቡ ተመራማሪዎችና ገንዘብ ሰጪዎቻቸው ቤርሙዳ ላይ ተሰበሰቡ። ከሰጪዎቹ አንዱ ዌልካም ትረስት ነበር። ከላቦራቶሪ የሚወጣው የዲኤንኤ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። በዚያ መስክ መረጃን ይዞ መቀመጥ የተለመደ ነበር። የከፈለው ሰው "ይለቀቅ" ሲል ተለቀቀ።

በ2005 ዌልካም ሌላ እርምጃ ወሰደ። በገንዘቤ የተሠራ ምርምር ታትሞ ከወጣ በ6 ወር ውስጥ ነፃ ቋት ውስጥ ይቀመጥ አለ። ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። ጌትስ ፋውንዴሽን በ2015 ሥራ ላይ በዋለው ፖሊሲው የበለጠ ጠበቅ አደረገው። ከ2 ዓመት መሸጋገሪያ በኋላ፣ ከ2017 ጀምሮ የጥበቃ ጊዜ የሚባል ነገር ቀረ። ጽሑፉ በወጣበት ቀን ክፍት ይሁን፣ ሌላውም ሰው እንደልቡ ይጠቀምበት ነው ያለው። በ2018 ደግሞ በርካታ የአውሮፓ የምርምር ፈንዶች በገንዘባቸው የተሠራ ምርምር ወዲያው ክፍት እንዲሆን የሚጠይቀውን ፕላን ኤስ የተባለ ስምምነት አወጡ። ዌልካምና ጌትስም ተቀላቀሉ።

አሳታሚዎች መጀመሪያ ላይ ተቃወሙ፣ አጉረመረሙ። በኋላ ግን ብዙዎቹ ደንባቸውን አስተካከሉ። ተመራማሪውን መለመን ለዓመታት ያላመጣውን ለውጥ አንድ የውል አንቀጽ አመጣው።

ለጋሹ የማሳተሚያ ክፍያውን ከሸፈነ ነገሩ አላለቀም?

አላለቀም። እንዲያውም አዲስ ችግር የመጣው ከዚህ ነው።

አሳታሚዎች "እሺ፣ አንባቢ አይክፈል፤ ጸሐፊው ይክፈል" አሉ። ፕሎስ በ2003 ሲጀምር ለአንድ ጽሑፍ 1,500 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው። ታዋቂው የሳይንስ ጆርናል ኔቸር በ2021 ይህን መንገድ ሲከፍት ዋጋው 9,500 ዩሮ ሆነ። ለአንድ ጽሑፍ! ለጋሽ ያለው ተመራማሪ ቼኩን ለጋሹ ይጽፍለታል። ለጋሽ የሌለው ግን አሁን ማንበብ ቻለ እንጂ መጻፍ አልቻለም። ድሮ በመውጫው በኩል የነበረው አጥር ወደ መግቢያው ዞረ ማለት ነው። ክፍያ ምሕረት የሚባል ነገር አለ፣ በተለይ ከደሃ አገር ለሚመጡ። ግን መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ብዙ ጊዜ አይካተቱም፤ ማመልከቻ ጽፎ መለመኑም ደስ አይልም።

ለጋሽ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ዋጋውን የሚከራከር የለም። ጸሐፊው ከኪሱ ስለማያወጣ ግድ አይሰጠውም፣ አሳታሚውም ከፍ ያደርገዋል። ጌትስ ፋውንዴሽን ከ2025 ጀምሮ የማሳተሚያ ክፍያ አልከፍልም ያለው በዚህ ጣጣ ነው። አሁን የሚጠይቀው ጽሑፉ ከግምገማ በፊት በፕሪፕሪንት መልክ እንዲለጠፍ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪው የፈለገበት ጆርናል ይሂድ፤ ክፍያ ካለ ግን ፋውንዴሽኑ የለበትም። በእኛ ግምት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ወጪውን የሚሸፍንለት ሌላ ያጣ ተመራማሪ ግን በመሃል መጎዳቱ አይቀርም።

ያለ ምንም ክፍያ የሚሠራ ጆርናል አለ?

አለ፣ ያውም በሺዎች የሚቆጠር። አንባቢም ጸሐፊም የማይከፍልበት አሠራር ዳይመንድ ይባላል። ላቲን አሜሪካ በዚህ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ቀድማለች። ሲኤሎ የተባለው የክፍት ጆርናሎች ስብስብ በ1997 ብራዚል ውስጥ ሲጀመር ገንዘቡ የመጣው ከሳኦ ፓውሎ ግዛት የምርምር ፈንድ ነው። ሬዳሊክ የሚባለውን ተመሳሳይ ስብስብ የሚያስተዳድረው አንድ የሜክሲኮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ጆርናል ማውጣት እንደ ንግድ ሳይሆን እንደ ዩኒቨርሲቲው መደበኛ ሥራ ነው የሚታየው።

ሌላው መንገድ የጋራ መዋጮ ነው። የሰብዓዊ ጥናት ጆርናሎችን የሚያወጣው ኦፕን ላይብረሪ ኦፍ ሂዩማኒቲስ ሥራውን የጀመረው በሜለን ገንዘብ ነው። ከዚያ ግን ከ300 በላይ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ እያዋጡ ያቆሙታል። አንዱ ቢወጣ አይፈርስም።

አኑዋል ሪቪውስ የተባለው አሳታሚ የሞከረው ደግሞ ብልጠት አለበት። ደንበኛ የሆኑት ቤተ መጻሕፍት እንደ ወትሮው የደንበኝነት ክፍያቸውን ይከፍላሉ። በቂ ደንበኛ ከቀጠለ የዚያ ዓመት እትም ለመላው ዓለም ይከፈታል። ደንበኞቹ ከሸሹ ይዘጋል። "ሌላው ይክፈል፣ እኔ በነፃ ላንብብ" ለሚል የተዘጋጀ ማስፈራሪያ ነው። ያ ማስፈራሪያ ሠርቷል። በ2020 በጥቂት ጆርናሎች ጀምረው በ2023 ሁሉንም ከፍተዋል። ለሙከራው መንገድ የጠረገው አንዱን የሕዝብ ጤና ጆርናል በ2017 ለመክፈት ከሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን የተገኘ ድጋፍ ነበር።

በነፃ የሚነበብ ነገር ጥራቱ ያጠራጥራል ይባላል። እውነት ነው?

ነፃ መሆኑና ጥራቱ አይገናኙም። ገንዘብ ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያወጡ አጭበርባሪ ጆርናሎች ግን በሽ ናቸው። በ3 ቀን እናትምልሃለን የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ሰርዙት። ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ መስፈርቱን ያላሟላውን አያስገባም፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት።

ድጋፉ ሲያልቅስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ለጋሾች መጀመር ይወዳሉ። ሪባን መቁረጥ፣ አዲስ ስም ማውጣት፣ "የመጀመሪያው" ማለት ይወዳሉ። ድጋፉ ብዙ ጊዜ የ2 ወይም የ3 ዓመት ነው። ከዚያ ለጋሹ ወደ ሌላ አዲስ ነገር ይዞራል። ፕሮጀክቱ ይደክማል፣ ሠራተኞቹ ይበተናሉ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊንኩን ስትነኩት ገጹ የለም። የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

የቆሙትን ብናይ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚጠጡ አይደሉም። አርካይቭን እንውሰድ። ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የጀመረው የፊዚክስና የሒሳብ ጽሑፎች ቋት ነው፤ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤት ሰጥቶታል። ብዙ የሚጠቀሙበት ዩኒቨርሲቲዎች ያዋጣሉ። ሳይመንስ ፋውንዴሽን ለዓመታት ደግፎታል። በ2023 ከሳይመንስና ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በአንድ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል፤ ያውም ለአዲስ ነገር ሳይሆን ያረጀውን ኮድ ለማደስና ወደ ክላውድ ለማዛወር ነው። ለጥገና የሚሰጥ ገንዘብ እንደ ብርቅ የሚታይ ስለሆነ ነው ለይተን ያነሳነው።

ሌላው መፍትሔ ዋናውን ሳይነኩ ትርፉን ብቻ የሚበሉበት ቋሚ ፈንድ ነው፤ ኢንዶውመንት ይባላል። ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ይህን በ2016 ጀምሮ በ10 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቀደ። በ2021 ሞላ። ከ1995 ጀምሮ ያለው የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያም ከቤተ መጻሕፍት መዋጮ የተሰበሰበ ቋሚ ፈንድ አለው። ጉዳቱ ምን መሰላችሁ? ፈንዱ ብዙ መሆን አለበት። በዓመት 4 በመቶ ቢወጣለት፣ 40,000 ዶላር ለማግኘት 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀምጦ መጠበቅ ይኖርበታል። ለትንሽ ጆርናል ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በለጋሽ ገንዘብ የተሠራ ነገር በኋላ ሊሸጥ ይችላል?

ውሉ ካልከለከለ ማን ያግደዋል? ኖውሌጅ አንላችድ የቤተ መጻሕፍትን መዋጮ እያሰባሰበ መጻሕፍትን ለመክፈት፣ ለትርፍ ሳይሆን በሚል የተጀመረ ነበር። በኋላ ወደ ንግድ ድርጅትነት ተለወጠ፤ በ2021 ዋይሊ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ገዛው። ኤስኤስአርኤን የሚባለውን የማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፎች ቋት በ2016 የገዛው ከትልልቆቹ የንግድ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው ኤልሴቪየር ነው። የዩኒቨርሲቲዎችን ቋት ያስተዳድር የነበረውን ቢፕረስንም በዓመቱ ጠቀለለው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከኤልሴቪየር ለመሸሽ ሲሉ የገነቡትን ቋት ጠዋት ሲነሱ የኤልሴቪየር ሆኖ አገኙት።

ስለዚህ ገንዘብ ስትሰጡ ሁለት ነገር አስጽፉ። ሶፍትዌሩ ማንም ወስዶ ሊሠራበት በሚችል ክፍት ፈቃድ ይሁን። ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ ይዘቱ የት እንደሚሄድ በስም ይጠቀስ።

ለጋሹ በይዘቱ ላይ እጁን አያስገባም?

ጽሑፍ ይጽደቅ ወይም ይውደቅ በሚለው ላይ መግባት የለበትም፤ ደህና ጆርናልም አይፈቅድም። ረቂቁ ተጽዕኖ ግን አለ። የትኛው ዘርፍ ገንዘብ ያገኛል የሚለውን የሚወስነው ለጋሹ ነው። ጤና ላይ ገንዘብ ይዘንባል። ታሪክና ቋንቋ ላይ ያንጠባጥባል።

ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ ክፍት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ጄስቶር በ1995 ከሜለን ፋውንዴሽን ሐሳብና ገንዘብ የወጣ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አብዛኛው ስብስቡ ግን ዛሬም የሚነበበው ተቋማት ከፍለው ነው። በመስኩ ላይ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

የቆዩ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎችስ?

ይህ ለብቻው የሚታይ ሥራ ነው። በብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር ያለውና ከ2004 ጀምሮ በአርካዲያ ገንዘብ የሚሠራው ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰነዱ ከአገሩ አይወጣም። ካሜራው ወደ ሰነዱ ይሄዳል። አንድ ቅጂ እዚያው አገር ተቋም ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል።

ሥራው አድካሚ ነው። የብል ቀዳዳ ያለበት፣ ጠርዙ የሚፈረፈር ወረቀት ጥቁር ጨርቅ ላይ ይዘረጋል። ጎኑ የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ይቀመጣል፣ ቀለሙና መጠኑ በኋላ እንዳያከራክር። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ታስሯል። አንዱ ገጽ ይገልጣል፣ ሌላው ያነሳል። ፎቶው ሲያልቅ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። ይህ ገጽ የማን ነው፣ መቼ ተጻፈ፣ በምን ቋንቋ፣ ስለምን የሚለውን ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ አንባቢ ያስፈልጋል። መዝገቡ ከሌለ 50,000 ፎቶ በር የሌለው አንድ ጆንያ ሙሉ ቁልፍ ማለት ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ ማስቀመጥም አይበቃም። ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2023 ጥቅምት ወር ላይ በደረሰበት የሳይበር ጥቃት የኦንላይን አገልግሎቱ ለወራት ተስተጓጉሏል። ያን የሚያህል ተቋም ላይ የደረሰ ነገር ማንም ላይ ይደርሳል። ቅጂውን በተለያየ ቦታ፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ አስቀምጡ።

ለጋሾች የሚጠይቁት "ሲሲ ባይ" ምንድን ነው?

ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከ2002 ጀምሮ ካወጣቸው ፈቃዶች በጣም ልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስሜን ጥቀስ፣ ከዚያ እንደፈለግክ ተጠቀም፣ ተርጉም፣ ሽጥም ይላል። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በተለይ "ሽጥም" የሚለው ይከነክናቸዋል፤ ትርጉማቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዲበላሽም አይፈልጉም። ሥጋታቸው መሠረት አለው። ለዚህ ነው አንዳንድ ለጋሽ ጠበቅ ያሉ ፈቃዶችን የሚቀበለው። የማኅበረሰብ ምስጢር ወይም ቅዱስ የሚባል ሰነድ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ከመምረጥ በፊት ባለቤቶቹን መጠየቅ ይቀድማል።

10 ዶላር ብሰጥ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ዊኪፒዲያ በዋናነት የሚኖረው በትንንሽ ስጦታ ነው። በዓመት ሚሊዮኖች ይሰጣሉ፣ አማካዩም ከ10 ዶላር ብዙም አይርቅም። የትንሽ ስጦታ ትልቁ ጥቅም ነፃነት ነው፤ አንድ ሰጪ ቢቀየም ድርጅቱ አይናጋም። የምትችሉ ከሆነ በየወሩ የሚቆረጥ አድርጉት። ሒሳብ ክፍሉ የሚመጣውን ገንዘብ ቀድሞ ካወቀ ሰው መቅጠር ይችላል።

የተዘጋውን ሰብረው የሚያቀርቡ ድረ ገጾች እያሉ ይህ ሁሉ ለምን?

ሳይ ሃብን ማለታችሁ ነው። ከ2011 ጀምሮ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ለምን እንደሚጠቀምም ይገባናል። ግን የቅጂ መብት ይጥሳል፣ በተለያዩ አገሮች ፍርድ ቤት ተሸንፏል፣ ነገ ሊጠፋም ይችላል። ለአርታኢዋም አይከፍላትም።

አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነገሩን ቀይሮታል?

ወጪውን ጨምሮታል። ሞዴል የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች ቦቶች ክፍት የሆነውን ሁሉ ቀን ከሌሊት ያወርዳሉ። ዊኪሚዲያ በ2025 እንዳስታወቀው ፎቶና ቪዲዮ ለማውረድ የሚውለው ባንድዊድዝ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በ50 በመቶ አድጓል፤ ጭማሪው የመጣው ከሰው አንባቢ አይደለም። ትንሽ ቋት ላይ ይህ ሲደርስ ሰርቨሩ ይወድቃል። በበጎ አድራጊ ገንዘብ የተከፈተውን ቢሊዮኖች የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች በነፃ ሲወስዱት፣ ቢያንስ የሰርቨሩን ወጪ ይጋሩ ማለት ነውር አይመስለንም።

ለፕሮጀክታችን ድጋፍ ልንጠይቅ ነው። ምን ላይ እናተኩር?

ፕሮፖዛሉ ላይ በጣም የሚደክምበት የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ሁሉም ስለ እውቀት ክቡርነት ይጽፋል። ገምጋሚው ግን ያንን አንብቦ ጠግቧል። የሚፈልገው ከታች ያለውን ነው። በ4ኛው ዓመት ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ደብዳቤ የጻፈላችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ አለ? ዛሬ ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ትንሹን ጻፉ።

በጀቱ ውስጥ ጥገናን ደብቃችሁ አታስገቡ። በግልጽ መስመር አስቀምጡት። የሚቆርጥ ለጋሽ ይቁረጠው፤ ግን ቆርጦ መሆኑን አውቆ ይቁረጠው። የለጋሹን የፈቃድ ፖሊሲም ከማመልከታችሁ በፊት አንብቡ። ይዘታችሁን መክፈት የማትችሉ ከሆነ ማመልከቻው ጊዜ ማባከን ነው።

ጽሑፌ ተዘግቶ ወጥቷል፣ ለጋሽም የለኝም። አሁን ምን ላድርግ?

የፈረማችሁትን ውል አውጡና አንብቡ። ብዙ አሳታሚዎች ግምገማ ያለፈውን፣ ነገር ግን በጆርናሉ መልክ ያልተቀናበረውን የእናንተን ፋይል ቋት ውስጥ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። አንዳንዶቹ ወዲያው፣ ሌሎቹ ከ6 ወይም ከ12 ወር በኋላ። የእናንተ ጆርናል የቱን እንደሚፈቅድ ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር ላይ በስሙ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ፤ ድሮ ሸርፓ ሮሚዮ ይባል የነበረው ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ቋት ከሌለው ዜኖዶ አለ። የሚያስተዳድረው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሆነው ሰርን ነው፣ አይከፈልበትም፣ ዲኦአይም ይሰጣል። ፋይሉን ስትጭኑ የታተመውን ጽሑፍ ዲኦአይ ጨምሩበት፣ ሰዎች ሲጠቅሱ እንዳይሳሳቱ። ጆርናሉ ያቀናበረውን ፒዲኤፍ ግን አትጫኑ፤ ብዙውን ጊዜ የሚከለከለው እሱ ነው።